ገነተ ልዑል፦ መኝታ ቤቱ ተጠብቋል፤ ገነቱስ?

ስሙ ራሱ ገነት ይላል። ገነተ ልዑል፣ የልዑል አትክልት ስፍራ። ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ውስጥ ያለው ይህ ቤት ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምነቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ከነቤተሰባቸው የኖሩበት ቤት ነበር። የነገሥታትና የመኳንንት መኖሪያ ከነግቢው ለሕዝብ መከፈት በተለመደበት በዚህ ጊዜ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ የቆየውን ቤት በጥንቃቄ ማየት ለጎብኚም ለባለሙያም ይጠቅማል።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። እንደ ቤት፣ ገነተ ልዑል በአዲስ አበባ ካሉት ታሪካዊ መኖሪያዎች ሁሉ ቀድሞ ሊታይ የሚገባው ነው። እንደ ገነት ግን ገና ይቀረዋል። ሰው ዛፎቹን አቋርጦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቤቱን አይቶ በዚያው መንገድ ይወጣል። ስሙን ለቤቱ የሰጠው ግቢ መተላለፊያ ሆኖ ቀርቷል።

ቤቱ በ1920ዎቹ ተሠራ። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ የፋሽስቱ እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ፣ ለኔፕልሱ ልዑል መወለድ ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ድኻ በተሰበሰበበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ለሦስት ቀን የሆነውን የማያውቅ የለም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ደግሞ ታግተው የነበሩት ሚኒስትሮችና መኳንንት፣ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከነሱ መካከል፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት በተከታዩ ዓመት፣ በ1954 ዓ.ም. ነው። የጥናት ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ተቋቋመ፤ የሙዚየሙን ስብስብ በማደራጀት ስማቸው የሚነሣው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ለቤት ጥበቃ ትልቁ ትምህርት ቤቱ ባዶ ሆኖ አለመቆየቱ ነው። ሰው የማይገባበት ቤት ውስጥ አንድ የተነሣ ቆርቆሮ ወይም አንድ የተሰነጠቀ የውሃ ቧንቧ ክረምቱን ሙሉ ሳይታይ ይከርማል፤ በመስከረም ሲከፈት ኮርኒሱ ወርዶ፣ የወለሉ ጣውላ አብጦ ይገኛል። ሰው የሚመላለስበት ቤት ግን የፈሰሰውን ጠብታ በዚያው ሳምንት ያያል። ተማሪና ተመራማሪ የሞላበት ግቢ መሆኑ ለቤቱ ጸጥታ ባይበጅም ዕድሜውን አርዝሞለታል።

በዋናው በር ሲገባ መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል፤ የትምህርት ግቢ ስለሆነ ፍተሻ አለ። ወደ ቤቱ ከመግባት በፊት ፊት ለፊት የቆመውን ጠመዝማዛ ደረጃ ቆም ብሎ መመልከት ይገባል። ወደየትም አያደርስም። ፋሽስቶች ሙሶሊኒ ወደ ሮም ከዘመተበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገዛበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ቆጥረው ያቆሙት ነው። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም። ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ይህ ብልህ የቅርስ ውሳኔ ነው፤ ጠላት የተናገረውን ሳያጠፉ የመጨረሻውን ቃል መውሰድ።

እንዲህ ያለ ደጅ የቆመ የኮንክሪት ሥራ የሚሞተው ከውስጥ ነው። ዝናብና አየር በስንጥቁ ገብተው ብረቱ ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን እየገፋ ያፈርሰዋል። መጀመሪያ የሚታየው ብረቱን ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅና ቡናማ እንባ ነው። ያኔ መደረግ ያለበት የላላውን ኮንክሪት ከብረቱ ጀርባ እስከ 2 ሴንቲሜትር ድረስ ቆፍሮ ማውጣት፣ ብረቱን እስኪያበራ ማጽዳት፣ ዝገት መከላከያ ቀብቶ መልሶ መሙላት ነው። ብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ለበዓል ቀለም መቀባት ነው። ዘይት ቀለም ስንጥቁን ይሸፍናል፣ ውሃውን ውስጥ ያስቀራል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚረግፈው ቁራሽ ከነቀለሙ ነው።

ውስጥ ሲገባ ሙዚየሙ ዕቃውን ያደረደረው በብሔረሰብ ወይም በክልል አይደለም፤ በሰው ዕድሜ ነው። ልጅነት፣ ጎልማሳነት፣ ሞትና ከሞት በኋላ። የመውለድ ሥርዓት፣ የልጆች ጨዋታና ተረት በአንድ ወገን፤ አደን፣ ጦር፣ ንግደት፣ የባህል መድኃኒትና የእጅ ሥራ ቀጥሎ፤ መቃብርና የመቃብር ምልክት መጨረሻ ላይ። አንድ ቤተሰብ የተወለደበት፣ ያደገበትና ያዘነበት ቤት ውስጥ ከዚህ የተሻለ አደራደር አይታሰብም። ጎብኚው የራሱን አካባቢ ብቻ ፈልጎ ሌላውን እንዳያልፍም ይረዳል፤ ሁሉም ሰው ስለሚወለድና ስለሚሞት ማንም ከየትኛውም ክፍል አይቀርም። ጽሑፎቹን አንብቦ ለማለፍ አንድ ሰዓት ይበቃል።

የቤቱ ልብ ግን ከኤግዚቢሽኑ አዳራሾች ወጣ ብሎ ያለው የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ፣ መታጠቢያና ልብስ መልበሻ ክፍል ነው። ልብስ መልበሻው መስተዋት ላይ በ1953ቱ ግርግር የተተኮሰ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለ። መስተዋቱ አልተቀየረም፤ በጭራሽ ሊቀየርም አይገባም። ጥገና ማለት ሁሉን አዲስ ማስመሰል የሚመስለው ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ይህን መስተዋት ነው፤ ቤቱም ያንኑ ቀን ምስክሩን ያጣል። እንዲህ ያለ የተበሳ መስተዋት የሚያስፈልገው እንክብካቤ ቀላል ነው። ስንጥቁ እንዳይሰፋ ከጀርባው በስስ ስፖንጅ ደግፎ መያዝ፣ የጀርባው ብር እንዳይላጥ ፈሳሽ ማጽጃ ፊቱ ላይ አለመርጨት፤ ይልቁንም ለስላሳ ጨርቅን በጥቂቱ አርሶ ከዳር ወደ ቀዳዳው ሳይደርሱ መወልወል። የሚረጨው ፈሳሽ በቀዳዳው ገብቶ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ያም አይመለስም።

መኝታ ቤት ለሙዚየም የማይመች ክፍል ነው። መኖሪያ ወለል ብዙውን ጊዜ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል እንዲሸከም ይታሰባል፤ ሕዝብ የሚመላለስበት አዳራሽ ግን ከ400 እስከ 500 ኪሎ ይፈለጋል። የተማሪ ቡድን በአንድ አልጋ ዙሪያ ሲታጨቅ 15 ሰው አንድ ቶን ነው። ስለዚህ አስጎብኚ ቡድኑን ከፍሎ ሲያስገባ ማጉረምረም አይገባም፤ ወለሉንም እያሰበ ነው። ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። የአዲስ አበባ የበጋ አቧራ በጫማ ይገባል፣ አልጋ ልብሱና መጋረጃው ላይ ያርፋል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይጣበቃል። በር ላይ የሚነጠፍ አጭር ምንጣፍ ዋጋ የለውም፤ ሁለቱም እግር ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲያርፍ ቢያንስ 4 ሜትር ያስፈልጋል። ጨርቁን በመጥረጊያ መምታት ክሩን ይበጥሳል። ቀስ ብሎ የሚስብ መጥረጊያ ማሽን፣ አፉ ላይ ስስ መረብ ታስሮ፣ በዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ ይበቃል።

ለሱፍና ለከፋይ ደግሞ ብል አለ። መድኃኒት መርጨት እድፍ ያስከትላል፣ ለሠራተኛውም ጉዳት ነው። የሚሠራው ዘዴ ማቀዝቀዝ ነው። ልብሱን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሎ አየሩን አስወጥቶ ማሸግ፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ለአንድ ሳምንት ማቆየት፤ ከወጣ በኋላ ለ24 ሰዓት ሳይከፍቱ መተው። ችኩሎች ወዲያው ይከፍቱታል። ያኔ የክፍሉ እርጥበት በቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ይጤዛል፣ ከብል የተረፈው ካባ ይሻግታል።

ስለ መታጠቢያ ቤቱ አንድ የማይነገር ነገር እንጨምር። የሚታይ እንጂ የማይሠራ መታጠቢያ ቤት ያለው ማንኛውም የሙዚየም ቤት ውሃውን ከዋናው መስመር ላይ መቁረጥ አለበት፤ አሮጌ የብረት ቧንቧ ሌሊት ከፈነዳ ጠዋት ድረስ የታችኛውን ፎቅ ያጥባል። ውሃው ሲቆረጥ ግን በሲፎኑ፣ ከመታጠቢያው ሥር ባለው የታጠፈ ቧንቧ፣ ውስጥ ያለው ውሃ በጥቂት ሳምንት ይደርቃል፤ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤቱ ይወጣል። ሽታው ጎብኚን ከማስከፋቱ በላይ ጉዳቱ ለብር ዕቃ ነው። ከፍሳሽ የሚወጣው የድኝ ጋዝ የብር መስቀልንና ጌጥን ያጠቁራል። የጠቆረ ብር በተወለወለ ቁጥር ከፊቱ እየተነሣ ቅርጹ ይደበዝዛል። መፍትሔው በወር አንድ ጊዜ ሁለት ሊትር ውሃ በየሲፎኑ ማፍሰስና ከላዩ አንድ ማንኪያ ዘይት መጨመር ነው፤ ዘይቱ ውሃው እንዳይተን ይሸፍነዋል። ከዚህ የረከሰ የቅርስ ጥበቃ የለም።

ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና መስቀል ስብስብ ብቻውን ጉዞ ያስወጣል። ከጎኑ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ አሉ፤ ጥሩ ናቸው፣ ጊዜ ያጠረው ግን ለሥዕሎቹ ይስጥ። የእንጨት ሥዕል የተሠራው በሦስት ድርብ ነው፦ እንጨቱ፣ በላዩ እንደ ጀሶ ያለ ነጭ ሽፋን፣ ከዚያ ቀለሙ። እንጨት ክረምት ላይ ይሰፋል፣ በጋ ላይ ይጠባል። ነጩ ሽፋን ግን አብሮ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ሥዕሉን የሚጎዳው እርጥበቱ ይህን ያህል መሆኑ ሳይሆን መዋዠቁ ነው። ከ45 እስከ 55 በመቶ ላይ ረግቶ የሚቆይ አየር ጥሩ ነው፤ በ60 የረጋም እንኳ በየሳምንቱ ከ35 ወደ 65 ከሚዘል ይሻላል።

መስታወት ሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው ሲሊካ ጄል፣ እርጥበት የሚጠጣና የሚመልስ ፍሬ፣ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ስሌቱ ለአንድ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 50፣ ከፍታው 40 ሴንቲሜትር የሆነ ሣጥን 4 ኪሎ ይፈልጋል። ተደጋግሞ የሚሠራው ስሕተት ጄሉን በምድጃ አድርቆ እንደወጣ መክተት ነው። አጥንት የደረቀ ጄል የሣጥኑን አየር ብቻ ሳይሆን የእንጨቱንም እርጥበት ይመጥጣል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሥዕሉ ይጎብጣል። ጄሉ አስቀድሞ 50 በመቶ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ቆይቶ መልመድ አለበት።

ብርሃንም እንዲሁ። በላክስ፣ በብርሃን ብርታት መለኪያ፣ ለብራናና ለጨርቅ 50 ላክስ፣ ለእንጨት ሥዕል እስከ 200 ላክስ ይፈቀዳል። 50 ላክስ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢበራ 120,000 የላክስ ሰዓት ይሆናል። መስኮት አጠገብ 5,000 ላክስ የሚያርፍበት ብራና ያንን የዓመት ድርሻውን በ3 ቀን ይጨርሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የፀሐዩ ጎጂ ጨረር ከቆላው የበረታ ነው፤ መጋረጃ ተዘግቶ ያየ ጎብኚ ቤቱ ጨለመ ብሎ አይውቀስ። ዓይን ከደጅ ብርሃን ሲገባ ለመልመድ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ቆም ብለው ይጠብቁ፤ ቀለሞቹ እየመጡ ይታያሉ። ፍላሽ አያብሩ።

አሁን ወደ ገነቱ። እዚህ ላይ ነው ቤቱ ያልተናገረው ብዙ ነገር ያለው። ግቢው ተማሪ የሚያጠናበት፣ የሚገናኝበት፣ የሚመረቅበት ስፍራ ሆኗል፤ ያ ሕይወት ሊነካ አይገባም። ግን ያረጁ ዛፎች ያሉበት የቤተ መንግሥት ግቢ እንደ ቤቱ ዕቃ ሁሉ መዝገብ ይገባዋል። ሥራው ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር መስጠት፤ ዓይነቱን፣ ግንዱ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ያለውን ውፍረት፣ ያዘነበለበትን አቅጣጫና ባዶ የሆነ ቦታ ካለው መጻፍ፤ በየዓመቱ በሚያዝያ፣ ክረምት ሳይገባ ደግሞ ማየት። ከሁሉም ይልቅ ሥሩን መጠበቅ። ልኩ የግንዱ ወርድ በ12 ሲባዛ ነው፤ 60 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ዛፍ ዙሪያውን 7 ሜትር ከ20 ያህል መሬት ሊቆፈርበት፣ መኪና ሊቆምበት አይገባም። የመብራት ገመድ ወይም የውሃ መስመር ለመቅበር የተቆረጠ ሥር ዛፉን በዚያው ዓመት አይጥለውም። ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ፣ መሬቱ በረጠበበትና ነፋስ በነፈሰበት የነሐሴ ሌሊት ይወድቃል፤ ያኔ ማንም ጉድጓዱን አያስታውስም።

ዛፍና ቤት ጎን ለጎን ሲኖሩ የሚጣሉት በአሸንዳ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሊትር ውሃ ነው። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ ይህ ሁሉ በግድግዳው ይወርዳል። ስለዚህ መጥረግ በዓመት ሁለቴ፦ ግንቦት መጨረሻ ላይ አንዴ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደግሞ። ከታች የሚወርደው ውሃ ከመሠረቱ ርቆ እንዲሄድ ማድረግ፤ አበባ መደቡን ከግድግዳው ጋር አለማስጠጋት። አትክልተኛ በየዓመቱ አፈርና ፍግ ሲጨምር መሬቱ ከፍ እያለ ይመጣል፤ ከወለሉ በታች ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ካልቀረ እርጥበት ወደ ግድግዳው ይወጣል። ግድግዳ ጥግ 60 ሴንቲሜትር የጠጠር መስመር መተው የአበባ ረድፍ ያህል ውበት የለውም፤ ቤቱን ግን ያድናል።

ለማነጻጸር ያህል፣ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ በዚህ በኩል ይበልጣል። እዚያ የምኒልክ ግቢ ራሱ እንደ አንድ ሙሉ ነገር ይነበባል፤ ሰው ከእንቁላል ቤት ወደ ግብር አዳራሽ፣ ከዚያ የደርግ እስረኞች ምድር ቤቱ ውስጥ ወደታሰሩበት ዙፋን ቤት እየተራመደ ታሪኩን በእግሩ ይከተላል። አረንጓዴው ስፍራ የጉብኝቱ አካል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ለእይታ በማሰብ የታደሰ ግቢ ግን የመኖሪያ ጠረን ይጎድለዋል፤ ገነተ ልዑል ውስጥ አንድ የተበሳ መስተዋት የሚናገረውን ብዙ የተዋበ አዳራሽ አይናገረውም። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት፣ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው፣ ለሕንጻው ራሱ ሲባል መታየት አለበት።

ለእነዚያ የቆዩ የድንጋይና የኖራ ቤቶች አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ኖራ ላይ ሲሚንቶ አይለሰንም። ኖራ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ይዘጋል፤ ግድግዳው የጠጣው ውሃ መውጫ አጥቶ ልስኑን ከነድንጋዩ ፊት ይዞት ይወርዳል። አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ፣ ድርቡ ከ1 ሴንቲሜትር ሳይበልጥ፣ በእርጥብ ጆንያ እየተሸፈነ፣ ቀጣዩ ድርብ ከሳምንት በኋላ። ይህ ቀርፋፋ ሥራ ነው። ኮንትራቱ ለሁለት ወር ተፈርሞ ሥራው ሦስት ወር ሲፈልግ ሲሚንቶው የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

ገነተ ልዑልን ለማየት ሁለት ሰዓት ተኩል ይያዙ፤ ግማሽ ሰዓቱ ለግቢው። ሙዚየሞች ክፍሎቻቸውን ለጥገና ስለሚዘጉ ከመሄድዎ በፊት ደውሎ ወይም ሰው ልኮ መጠየቅ ብልህነት ነው፤ በምረቃ ሰሞን ግቢው ይጨናነቃል። ልጆች ይዞ የሚሄድ ከልጅነት ክፍል ይጀምር፤ አረጋዊ ይዞ የሚሄድ ደረጃው እንደሚያደክም አስቀድሞ ያስብ፣ መኖሪያ ሆኖ የተሠራ ቤት ነውና። ሲጨርሱ ከዋናው በር ወጥተው የየካቲት 12 ሐውልት ዘንድ ይቁሙ። ብዙ ሰው ሐውልቱን አስቀድሞ አይቶ ይገባል፤ ተቃራኒው ይሻላል። ከሐውልቱ ግርጌ የተቀረጸው እልቂት የተቀሰቀሰበትን ግቢ ረግጦ የመጣ ሰው ምስሎቹን ሲያይ የትኛው በር፣ የትኛው ሜዳ እንደሆነ ያውቃል።